«አንቺ አትጠጪም፣ ስለዚህ አንቺ ትነጃለሽ»

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ፣

ዕድሜዬ 39 ነው። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን ዘንድሮ አሥር ዓመት ይሞላናል። ሁለት ልጆች አሉን። እኔ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። እሱ ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ይሠራል። ፈረቃችን ስለማይገጥም በደንብ ሳንተያይ ሳምንቱ ያልፋል።

ለአሥረኛ ዓመታችን ልጆቹን እህቴ ልትይዝልን ተስማማች። እኔ የተመኘሁት ቀላል ነገር ነው። ውሃ ዳር፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ ጠግቤ መተኛት። እሱ «ለኔ ተይው፣ ሰርፕራይዝ ነው» አለኝ። ደስ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ዕቅዱን አሳየኝ። ኒው ዮርክ ስቴት ውስጥ ፊንገር ሌክስ የሚባል የሐይቆች አካባቢ ነው። በመኪና ወደ አምስት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ሐይቁስ ጥሩ። ግን ለሦስት ቀን ዘጠኝ ዋይነሪ (የወይን ጠጅ መጥመቂያ) ጽፏል! በደብተር ነው የጻፈው። ከእያንዳንዱ ስም ጎን የወይኑን ዘር፣ የአፈሩን ዓይነት፣ ተዳፋቱ ወደየት እንደሚያይ ሳይቀር አስፍሯል። «ዶክተር ፍራንክ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

ቀኑን ሳየው ደግሞ ኦገስት 14 ነው። ፍልሰታ! ከልጅነቴ ጀምሮ ፍልሰታን ሳልጾም ቀርቼ አላውቅም፤ በጾም ደግሞ መጠጥ አልቀምስም። ይህን ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እንዲያውም አሪፍ ነው። አንቺ አትጠጪም፣ ስለዚህ አንቺ ትነጃለሽ።» እየሳቀ ነው ያለው። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

የሚያሳስበኝ ሌላም ነገር አለ። እሱ አገር ቤት እያለ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቆ ዝዋይ አጠገብ የወይን እርሻ ላይ ይሠራ ነበር። ዲቪ ሲደርሰን ነው ትቶት የመጣው። ያኔ ስለ ወይን ጠጅ ማውራት ቢወድም ሰክሮ አይቼው አላውቅም። ከዓመት ወዲህ ግን ማታ አምስት ሰዓት ላይ ከሥራ ሲገባ ወጥ ቤት ብቻውን ተቀምጦ ይጠጣል። አብዛኛውን ማታ ግማሽ ጠርሙስ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ያህል ጠዋት ጠርሙሱን ባዶ አገኘዋለሁ። አይጮህም፣ አይሳደብም፣ ከሥራ ቀርቶ አያውቅም። ጠጥቶ ይተኛል፣ በቃ። ስጠይቀው «ወይን ጠጅ እኮ ነው፣ አረቄ አይደለም» ይለኛል።

ጓደኛዬን ባማክራት «ሽርሽር ብሎ መጠጥ ቤት ለመጠጥ ቤት ሊያዞርሽ ነው» አለችኝ። ጉዞውን ብሰርዘው እሱ ያኮርፋል። ብሄድ እኔ አኮርፋለሁ። ምን ይሻለኛል?

ሳትጠየቅ ሾፌር የሆነችው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

---

እህቴ፣

በመጀመሪያ ስለዚያች ቀልድ። ያመመሽ መንዳቱ አይመስለኝም። ለሥራ በየቀኑ ትነጃለሽ። ያመመሽ ለአንቺም ይሆናል የተባለው ጉዞ ላይ ቦታሽ ሳትጠየቂ መመደቡ ነው። እሱ ይቀምሳል፣ አንቺ ትጠብቂያለሽ። እሱ ያወራል፣ አንቺ መንገድ ታያለሽ። ጾምሽን ደግሞ ለዕቅዱ የሚመች ነገር አድርጎ ቆጠረው። ይህ ቢያስከፋሽ ትክክል ነሽ። ሰርፕራይዝ የሚባለው ነገር አንዱ ጣጣ ይሄ ነው፤ አዘጋጁ ራሱ የሚወደውን ያዘጋጅና ሌላው እንዲደሰትለት ይጠብቃል።

ግን ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ዓይኔ ደብተሩ ላይ ቀረ። መጠጣት ብቻ የፈለገ ሰው የተዳፋት አቅጣጫ አይጽፍም። አፈር አይመዘግብም። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ወይን ጠጅ በየመደብሩ አለ፤ ለጠርሙስ ሲባል ፔንሲልቬንያን አቋርጦ ኒው ዮርክ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ባልሽ ያዘጋጀው የባለሙያ ጉብኝት ነው የሚመስለው።

ያሰመረበትን ስም ታሪክ ልንገርሽ። ዶክተር ኮንስታንቲን ፍራንክ ዩክሬን ውስጥ የወይን ተክል ያጠኑ ምሁር ነበሩ። አሜሪካ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ዕድሜያቸው 50 ዓመት ገደማ ሆኖ ነበር፤ እንግሊዝኛም አይችሉም። ፊንገር ሌክስ ውስጥ ጄኔቫ በምትባል ከተማ የእርሻ ምርምር ጣቢያ አለ። እዚያ ቀጠሯቸው፤ የሰጧቸው ሥራ ግን ብሉቤሪ መኮትኮት ነበር። ያኔ በዚያ ብርድ የአውሮፓ ወይን አይጸድቅም ተብሎ ይታመን ነበር። እሳቸው ደግሞ እኛ አገር ከዚህ በባሰ ብርድ ይጸድቃል እያሉ ይሟገቱ ነበር። የሚሰማቸው አልነበረም። በመጨረሻ ሻርል ፉርኒዬ የሚባሉ ፈረንሳዊ ወይን ጠማቂ ሰሟቸውና ወሰዷቸው። በ1962 ኪውካ ሐይቅ ዳር የራሳቸውን ዋይነሪ አቋቋሙ። አካባቢው ዛሬ የሚኮራበት ሪዝሊንግ የሚባለው ነጭ ወይን እዚያ ሥር የሰደደው በእሳቸው ጥረት ነው። እርሻው አሁንም በቤተሰቡ እጅ ነው።

ባልሽ ዲግሪውን ይዞ ፓርኪንግ ይሠራል። ለምን ሁለት ጊዜ እንዳሰመረ አሁን የገባሽ ይመስለኛል።

እርግጥ ይህ የኔ ግምት ነው። የሚያውቀው እሱ ነው። ግን ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? «ለምን ትጠጣለህ» የሚለውን ጥያቄ አይደለም የምልሽ፤ እሱን ብዙ ጊዜ ሰምቶታል። «ይህ ዶክተር ፍራንክ ማነው?» በይው። «ዝዋይ እያለህ ጠዋት ተነስተህ መጀመሪያ ምን ታይ ነበር?» በይው። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚው። አገር ቤት የተከበረ ሙያ ኖሯቸው እዚህ ትኬት የሚቆርጡ፣ መኪና የሚያቆሙ ብዙ ወንዶችና ሴቶች አሉ። ቤተሰባቸውን ያኖራሉ፣ አገር ቤት ብር ይልካሉ፣ ስለ ቀድሞ ሥራቸው ግን አያወሩም። የሚጠይቃቸውም የለም።

ይህን ሁሉ የምለው ጠርሙሱን ለመሸፈን አይደለም።

ጠርሙሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ መጠራት ያለበትም በስሙ ነው። አንድ 750 ሚሊ ሊትር የወይን ጠጅ ጠርሙስ በአሜሪካ አለካክ አምስት ብርጭቆ ያህል ነው። አንዷ ብርጭቆ ውስጥ ያለው አልኮል ከአንድ መለኪያ ውስኪ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ «ወይን ጠጅ እኮ ነው» የሚለው መልስ ብዙ አያስኬድም። ደግሞ እሱ ይህን ከኔም ከአንቺም በተሻለ ያውቀዋል፤ ሙያው ነዋ! የአሜሪካ የጤና ተቋማት ለወንድ በቀን አምስት፣ ወይም በሳምንት 15 ብርጭቆና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ አጠጣጥ ይሉታል። አንቺ የነገርሽኝን በትንሹ ብንቆጥረው እንኳ ከዚያ ያልፋል። አይጮህም፣ አይሳደብም ብለሻል። ደስ ይላል። ግን ዝም ብሎ የሚጠጣ ሰውም ጉበቱ ያው ጉበት ነው፤ እንቅልፉም ይረበሻል።

ታዲያ ይህን መቼ ታነሺዋለሽ? እባክሽ መኪና ውስጥ አይሁን። አምስት ሰዓት መንገድ ላይ ተዘግቶ የሚነሳ ጉዳይ ማምለጫ የለውም፤ አንዳችሁ መሪ ይዛችኋል፣ አንዳችሁ በመስኮት ታያላችሁ፣ ከዚያ እስከ ፔንሲልቬንያዋ ሃሪስበርግ ድረስ ዝምታ ነው። ማታ ጠርሙሱ ፊቱ ተከፍቶ እያለም አታንሺው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ልጆቹ በሌሉበት፣ ቡና ላይ ይሻላል። ለምሳሌ እንዲህ በይው፦ «ጉዞውን ልሰርዝብህ አይደለም። ግን ማታ ማታ ብቻህን ስትጠጣ እሰጋለሁ። ጠዋት ባዶ ጠርሙስ ሳነሳ ሆዴ ይባባል። እስቲ ሐኪም ጋ እንሂድ፤ ጉበትህን፣ ደም ግፊትህን ይይልህ።» የምታዪውን ብቻ ንገሪው። «ሰካራም ሆነሃል» ካልሽው ስለ ቃሉ ስትከራከሩ ዋናው ነገር ይቀራል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። «ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ እንዳትቀምስ» ብለሽ አታስምዪው። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ሊታወክ ይችላል። ሐኪሙ እውነተኛውን መጠን ሰምቶ እንዴት እንደሚቀንስ ቢነግረው ይሻላል። «ለሦስት ሳምንት ሐኪሙ እንዳለኝ ማታ ማታ እቀንሳለሁ» ብሎ ሞክሮ ካልተሳካለት፣ ወይም ጠርሙስ መደበቅ ከጀመረ፣ ያኔ ጉዞው ይቆይ። ያኔ ወደ ወይን እርሻ መሄድ ለሁለታችሁም አይበጅም፤ ይህን ያለ ማቅማማት እነግርሻለሁ።

ሐኪም ጋ ለመሄድ እሺ ካለና ማታውን ከቀነሰ ግን፣ እኔ ብሆን እሄድ ነበር። በዚህ ዕቅድ ግን አልሄድም።

መጀመሪያ ቀኑን አዘዋውሩት። ፍልሰታ ኦገስት 7 ገብቶ 22 ይፈታል። በዚያ መሐል መሄድ ይቻላል አይቻልም የሚለውን የንስሐ አባትሽ ይንገሩሽ፤ እኔ አልገባበትም። ግን ቀኑን መቀየር ለእሱም የሚጠቅም ነገር አለው። ፊንገር ሌክስ ውስጥ ወይን የሚለቀመው በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ነው። ኦገስት ላይ ቢሄድ የሚያየው ያልበሰለ ፍሬ ነው። ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ግን ለቀማውን ያያል፣ የመጭመቂያውን ሽታ ይሸታል፤ ቅጠሉም ቀይና ቢጫ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ለወይን ባለሙያ ይህን ብትነግሪው «ለጾሜ ብለህ ቀይር» ከምትይው ቶሎ ይገባዋል። የጽጌን ጾምም እጾማለሁ ካላልሽኝ በቀር! እሱ እንኳ በፈቃድ ነው።

ሁለተኛው ዘጠኙ ነው። ዘጠኝ ይበዛል። ሙያዬ ነው ለሚለውም ይበዛል። አብዛኞቹ ቤቶች አራት አምስት ዓይነት ያስቀምሳሉ፤ ሲደመር አንድ ብርጭቆ ያህል ይሆናል። በቀን ሦስት ቤት ማለት ሦስት ብርጭቆ ነው፤ ከምሳ ጋር የሚጨመረውን ሳንቆጥር። ሦስተኛው ቤት ሲደርስ ምላሱም ብዙ አይለይለትም። በኒው ዮርክ ሕግ ደሙ ውስጥ 0.08 በመቶ አልኮል የተገኘበት ሾፌር ሰክሮ በመንዳት ይከሰሳል፤ ከ0.05 በላይ ከሆነም ክስ አለው። ስለዚህ የቀመሰ አይነዳም፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

በቀን ቢበዛ ሁለት ቤት ይበቃል። አንደኛው ላይ ቀምሶ ይትፋ። አትሳቂ፣ ባለሙያዎች የሚያደርጉት እንደዚያ ነው። ጠረጴዛው ላይ መትፊያ ዕቃ ይቀመጣል፤ ማንም አይገረምም። ሌላው ደግሞ ቅምሻ የሌለበት ይሁን። ቀደም ብሎ ይደውልና «አገሬ የወይን እርሻ ላይ እሠራ ነበር፣ ተክሉን ማየት እፈልጋለሁ» ይበላቸው። ሥራ ካልበዛባቸው ደስ ብሏቸው የሚያዞሩ ገበሬዎች አሉ። ተክል ውስጥ እየሄደ ሲያስረዳሽ ባልሽን እስቲ እዪው። ሐይቆቹ ለምን ወይን እንደሚያበቅሉ ጠይቂው። ሴኔካ የሚባለው 188 ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው። በበጋ የሰበሰበውን ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ ክረምት ላይ ዳሩ እንደ ሌላው ቦታ አይበርድም፤ ወይኑ የተረፈው በዚህ ነው። እሱ ከኔ አሳምሮ ያስረዳሻል። ዝዋይም ሐይቅ ዳር እንደሆነ አትርሺ።

መንዳቱን ደግሞ ተካፈሉት። መሄጃውን አንዳችሁ፣ መመለሻውን ሌላችሁ። ከሦስቱ ቀን አንዱ ጭራሽ ወይን የሌለበት ይሁንና እሱ ይንዳ። ያን ቀን ሴኔካ ሐይቅ ግርጌ ያለችው ዋትኪንስ ግሌን ሂዱ። በገደል መሐል ሦስት ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 19 ፏፏቴ ታያላችሁ። ደረጃው ከ800 ያልፋል፤ ጫማ አድርጊ፣ ያውም የማያንሸራትት። ጉልበት ከተረፋችሁ ካዩጋ ሐይቅ በኩል ታጋኖክ የሚባል ፏፏቴ አለ፤ 65 ሜትር ይወርዳል፣ በቁመት ናያጋራን ይበልጣል። ለዚህኛው ደረጃ መውጣት አያስፈልግም፤ ከመንገዱ አጠገብ ቆሞ ማየት ይቻላል። ቅምሻ ባለበት ቀን መንዳት ካልፈለግሽ ሾፌር ያለው የቅምሻ ጉብኝት እዚያው አለ። ርካሽ አይደለም። ሆኖም ለአንድ ቀን ብቻ ቢሆን ዋጋው ሁለታችሁም ተመልሳችሁ ከምታኮርፉት ይሻላል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። የጻፍሽልኝ ምኞት ሁለት መስመር ነው፤ ውሃ ዳርና እንቅልፍ። ሌላው ሁሉ ስለ እሱ ነው። ይህን አስተዋልሽው? ለእሱስ በግልጽ ነግረሽው ታውቂያለሽ፣ ወይስ «ለኔ ተይው» ሲልሽ ተውሽው? ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ ሌላ ሲንከባከብ ይውልና ለራሱ መጠየቅ ያስቸግረዋል። እንግዲህ ጠይቂ። ማደሪያውን አንቺ ምረጪ። መሐል ከተማ ያለ ሆቴል ሳይሆን ሐይቁ ፊት ለፊት የሆነ፣ በረንዳ ያለው ይሁን። ጠዋት እስከ አራት ሰዓት ማንም እንዳይቀሰቅስሽ ንገሪው። እሱ ከፈለገ በዚያ ሰዓት ብቻውን ሄዶ የአንዱን ገበሬ ተክል አይቶ ይመለስ። ሦስት ቀን ሙሉ አብሮ መቆም ግዴታ አይደለም።

የጓደኛሽን ነገር ደግሞ። አዝናልሽ ነው፤ ሥጋቷም መሠረት አለው። ግን ደብተሩን አላየችም። ለሌላ ሰው ከመንገርሽ በፊት ከእሱ ጋር ብትጨርሺው ደስ ይለኛል። በዕድር፣ በማኅበር፣ በየካፌው ወሬ እንዴት እንደሚዞር ታውቂዋለሽ። ሰውዬው «ሚስቱን ይዞ ሊጠጣ ሄደ» ተብሎ ከተወራበት ሐኪም ጋ የመሄድ ፍላጎቱም አብሮ ይጠፋል።

«ዘጠኙንም ካላየሁ፣ በዚሁ ቀን ካልሆነ» ብሎ ቢደርቅስ? ያን ጊዜ አትጣዪ፤ ግን አትንጂም። «በፍልሰታ አልሄድም፤ በኦክቶበር ግን አብሬህ እሄዳለሁ፣ ዶክተር ፍራንክ ጋ መጀመሪያ እንሄዳለን» በይው። እምቢታሽን ከቀጠሮ ጋር ስጪው። ከደብተሩ ላይ የመረጥሽው ስም እሱ ያሰመረበት መሆኑን ሲሰማ፣ እንዳነበብሽለት ያውቃል።

አንድ ሐሳብ ጣል ላድርግና፤ ይህን ግን አሁን አትንገሪው። ከናንተ በአንድ ሰዓት ርቀት ቨርጂኒያ፣ ላውደን ካውንቲ ውስጥ ብዙ የወይን እርሻዎች አሉ። በለቀማ ወቅት ሰው ይፈልጋሉ። ከጉዞው ሲመለስ ፊቱ በርቶ ካየሽው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጥቂት ሳምንት መሞከር ይፈልግ እንደሆነ ያኔ ጠይቂው። አልፈልግም ካለም መብቱ ነው። የተዉትን ሙያ በትርፍ ሰዓት ማየት የሚያመው ሰውም አለ።

ለዛሬ ግን፣ ባልሽ ለኦገስት ሆቴል ይዞ ከሆነ፣ መጀመሪያ እሱን እዩት። ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚቻለው እስከ መቼ እንደሆነ የማረጋገጫው ኢሜይል ላይ ተጽፏል። እሑድ ተነጋግራችሁ ሰኞ ደውሉ። ኦክቶበር ላይ ቅዳሜና እሑድ ክፍል ቶሎ ያልቃል፣ ዋጋውም ይንራል። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ፈረቃችሁን ማስለወጥ ከቻላችሁ ይሻላችኋል። ገበሬዎቹም በሳምንቱ መሐል ነው ቆመው የሚያወሩት።